የሙያ ማኅበር ለመሐንዲስ ምን ያደርግለታል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጸሐፊዎቹ ስማቸው እንዳይወጣ በመጠየቃቸው የሚኖሩበትን ከተማ ብቻ ጠቅሰናል። የአምዱ አዘጋጅ በሲቪል መሐንዲስነት ለረጅም ዓመታት የሠሩ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ በአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት ሳይት መሐንዲስ ሆኜ ስሠራ ሦስት ዓመቴ ነው። በቅርቡ አብሮኝ የተመረቀ ጓደኛዬ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር አባል እንድሆን ሲወተውተኝ ሰነበተ። እኔ ግን ጥቅሙ አልታየኝም። የሙያ ፈቃዴን የሚሰጠኝ መንግሥት ነው፤ ደመወዜን የሚከፍለኝ ድርጅቴ ነው፤ የቸገረኝን ደግሞ ቴሌግራም ላይ ካሉት የመሐንዲሶች ቡድኖች ጠይቄ አገኛለሁ። ታዲያ ማኅበሩ መዋጮ ከመሰብሰብ አልፎ ምን ያደርግልኛል?
(ከአዳማ)

መልስ፦ ፈቃድ፣ ደመወዝና ቴሌግራም ብለው የጠቀሷቸው ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ሦስቱም ተደምረው የማይሰጡት አንድ ነገር አለ። እርሱም መሐንዲስ ከአሠሪውም ከመንግሥትም ተለይቶ፣ በሙያው ብቻ የሚቆምበትና የሙያ ወንድሞቹንና እኅቶቹን የሚያገኝበት ስፍራ ነው። ይህ ስፍራ ምን እንደሚጠቅም የሚታወቀው ደግሞ ሥራው በሰላም ሲሄድ ሳይሆን አንድ ነገር ሲበላሽ ነው።

ከቴሌግራሙ ልጀምር። በሳይትዎ ያለው ሥዕል «ሲ 25» አርማታ ይላል እንበል። ቁጥሩ የሚነበበው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የሕንፃ ኮዳችን (የሕንፃ ሥራ ደንባችን) ከሆነ፣ ከአርማታው የተወሰደው ኪዩብ፣ ማለትም ጎኖቹ እኩል የሆኑ የመፈተሻ ናሙና፣ በ28 ቀኑ ሲሰበር 25 ሜጋ ፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) መሸከም አለበት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአውሮፓን ስታንዳርድ ተከትሎ በተዘጋጀው ኮድ ግን ደረጃው በሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ «ሲ 25/30» ሲባል 25ቱ የሲሊንደር (የድቡልቡል ናሙና)፣ 30ው የኪዩብ ጥንካሬ ነው። እንግዲህ አንዱ መሐንዲስ በአዲሱ ኮድ አስልቶ በሥዕሉ ላይ በአጭሩ «ሲ 25» ብሎ ቢጽፍ፣ ሌላው ደግሞ ሳይት ላይ በቀድሞው ልማድ ቢያነበው፣ ኪዩቡ 25 ሲመጣ «አልፏል» ተብሎ ይፈረማል፤ ስሌቱ የሚፈልገው ግን 30 ነበር። ይህን ጉዳይ ቴሌግራም ላይ ቢጠይቁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አምስት ዓይነት መልስ ሊመጣልዎት ይችላል፤ ከአምስቱ አንዱ ትክክል ሊሆንም ይችላል። ችግሩ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚነግርዎት፣ ስሙን አስይዞ የሚመልስልዎትና ነገ ቢሳሳት የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ነው። በሙያ ማኅበር የማታ ገለጻ ላይ ግን ኮዱን ለዓመታት ያስተማረ ወይም በረቂቁ የተሳተፈ ሰው ቆሞ ያስረዳል፤ ከታዳሚው መካከል አንዱ ተነሥቶ «እኛ ሳይት ላይ የገጠመን እንዲህ ነው» ይላል፤ ክርክር ይነሣል፤ ሁሉም የተሻለ ነገር ይዞ ይወጣል። እኔ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ የተማርኩት ብዙው ነገር እንዲህ ካለ ክርክር የተገኘ ነው።

የፈቃዱ ጉዳይ አጭር ነው። ፈቃድ የሚለው «ይህ ሰው መሥራት ይችላል» ነው፤ እንዴት ቢሠራ እንደሚሻል፣ ሙያውስ ወዴት ማምራት እንዳለበት መናገር የፈቃድ ሰጪ ሥራ አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ ሁለቱን ለይታ ነው የምትሠራው፤ መሐንዲሶችን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው በሕግ የተቋቋመው የመሐንዲሶች ቦርድ ሲሆን፣ የኬንያ መሐንዲሶች ኢንስቲትዩት ደግሞ የባለሙያዎቹ የራሳቸው ማኅበር ነው። ተቆጣጣሪው ሕግ ሊያወጣ ሲነሣ «ይህ አንቀጽ ሳይት ላይ አይሠራም» የሚለው የተደራጀ ድምፅ ከማኅበሩ ይመጣል። ማኅበር በሌለበት ያ ድምፅ የለም፤ ወይም የሚሰማው የትልልቅ ተቋራጮች ድምፅ ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ደመወዙ ልምጣ፤ ብዙ መናገር የምፈልገውም በዚህ ላይ ነው።

በሥራ በሁለተኛ ዓመቴ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። ሐምሌ ነበር። የሁለተኛው ፎቅ ኮለሞች (ምሰሶዎች) አርማታ በተሞላበት ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም፤ አሸዋው ራሱ ውኃ የጠጣ ሆኖ ሳለ ፎርማኑ በሚክሰሩ ላይ የሚጨመረውን ውኃ አልቀነሰም። ከባሬላው ላይ ድብልቁ እንደ ሾርባ ሲፈስ እያየሁ ተናገርኩ፤ «ፌሮው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ካልቀጠነ አይገባም» ተባልኩ። ሦስት ኪዩቦች ሞላሁ፤ ቀኑንና የኮለሞቹን ቁጥር በየኪዩቡ ላይ ጻፍኩ። በ28ኛው ቀን ቤተ ሙከራ ወስጄ ቆሜ አስሰበርኳቸው። የመጀመሪያው ኪዩብ ጎኖቹ ተፈርፍረው ከላይና ከታች ሁለት ፒራሚድ ሆኖ ቀረ፤ ኪዩብ በደንብ ሲሰበር የሚሰጠው ቅርጽ ነው፤ ስለዚህ በሙከራው ማሳበብ አይቻልም። ያነበብኩት ቁጥር ግን ከ18 አይበልጥም። ሁለቱም እንዲሁ ሆኑ። መመዘኛው 25 ነበር።

ውጤቱን ለሥራ አስኪያጁ ሳሳያቸው አልተቆጡም። ለስለስ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ሌላ ኪዩብ ሙላና ሲሚንቶ ጨምርበት፤ ቀኑን አስተካክለን እንልከዋለን» አሉኝ። በዚያን ጊዜ ቤት ተከራይቼ ሁለት ታናናሾቼን አስተምር ነበር። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ከጥቂት ወራት በፊት በማኅበር በተዘጋጀ አንድ ገለጻ ላይ ስለ ቆመ ሕንፃ ምርመራ ያስረዱ አንድ አንጋፋ መሐንዲስ ነበሩ። ስልካቸውን በማስታወሻዬ ይዤ ነበርና ደወልኩላቸው። ቅዳሜ ጠዋት ማክያቶ እየጠጡ ወረቀቴን አነበቡ። መጀመሪያ ያሉኝን አልረሳውም፦ ደብዳቤህ ላይ ማንንም አትክሰስ፤ ቀኑን፣ የኮለሙን ቁጥር፣ የተገኘውን ውጤትና ኮዱ የሚጠይቀውን ብቻ ጻፍ፤ ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቅ። ሦስቱ ነገሮች፣ ኮለሞቹ በሽሚት ሃመር (አርማታውን ሳይሰብር ጥንካሬውን በሚገምት መሣሪያ) ይፈተሹ፤ ከተጠረጠሩት ላይ ናሙና በመሰርሰሪያ ይውጣ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ በላያቸው ያለው ሶለታ አይሞላ የሚሉ ነበሩ። ሥራውን ለሚቆጣጠረው አማካሪም ግልባጭ እንዳደርግ መከሩኝ። እኔ ብቻዬን ብሆን ኖሮ ወይ ዝም እል ነበር፤ ወይም በንዴት ረጅም የክስ ደብዳቤ ጽፌ በማግሥቱ እባረር ነበር። በመጨረሻ ሁለት ኮለሞች በተጨማሪ ፌሮና አርማታ እንዲጠናከሩ ተደረገ። ሕንፃው ዛሬም ሰው ይኖርበታል፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዐይኔ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ይሄዳል።

ሰውየው ያደረጉልኝን በዘመድነት አላደረጉትም፤ አያውቁኝም ነበር። ያገናኘን የማኅበሩ አንድ የማታ ገለጻ ነው። ደመወዝ ከፋይ ሙያዊ ፍርድዎን እንዲያጥፉ ሲጠይቅዎት፣ ከደመወዙ ገመድ ውጭ ቆሞ የሚያማክርዎት ሰው የሚገኘው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ይህ የሠራተኛ ማኅበር ከሚሠራው ሥራ የተለየ ነው፤ የሠራተኛ ማኅበር ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሰዓት ይከራከራል፤ የሙያ ማኅበር የሚከራከረው ሥራው በትክክል ስለመሠራቱና በሕንፃው ስለሚኖሩት፣ በድልድዩ ስለሚሻገሩት ሰዎች ነው።

ነገሩ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ እንዳይመስልዎት አንድ የታወቀ ታሪክ ላንሣ። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባርት የተባለው የከተማ ባቡር ሲዘረጋ፣ ባቡሮቹ በራስ ሰር ቁጥጥር እንዲነዱ ታቅዶ ነበር። በድርጅቱ የሚሠሩ ሦስት መሐንዲሶች የቁጥጥር ሥርዓቱ በበቂ ሁኔታ እንዳልተፈተሸ ለአለቆቻቸው ደጋግመው አመለከቱ፤ ሰሚ ሲያጡ ጉዳዩን ወደ አንድ የቦርድ አባል አደረሱ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1972 ሦስቱም ከሥራ ተባረሩ። አገልግሎቱ በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ፣ በጥቅምት 2 ቀን 1972፣ ፍሪሞንት ጣቢያ የደረሰ አንድ ባቡር መቆም ሲገባው መስመሩን አልፎ ወጣና ሰዎች ቆሰሉ። ምክንያቱ የአንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ብልሽት ነበር፤ ፍጥነት ቀንስ መባል የነበረበት ባቡር ፍጥነት ጨምር የሚል ትእዛዝ ደረሰው። መሐንዲሶቹ ድርጅቱን ሲከሱ፣ አይ ትሪፕል ኢ በመባል የሚታወቀው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1975 ለፍርድ ቤቱ የጽሑፍ አስተያየት አቀረበ። ሐሳቡም፣ አንድ መሐንዲስ ሲቀጠር የሕዝብን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታው በውሉ ውስጥ ባይጻፍም እንዳለ ይቆጠራል የሚል ነበር። ክርክሩ በስምምነት አለቀ፤ በ1978 ማኅበሩ ሦስቱን ሸለማቸው።

እውነቱን ልንገርዎት፤ ማኅበሩ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ሰዎቹም ሥራቸው አልተመለሰላቸውም። ይህን የምጽፈው ማኅበር ሁሉን ያድናል ብለው እንዳይገቡ ነው። ነገር ግን በዚያ ፍርድ ቤት ሦስቱ ሰዎች «አስቸጋሪ ሠራተኞች» ተብለው ብቻ እንዳይቀሩ፣ ያደረጉት ሙያቸው የሚጠይቀው ነው ብሎ ሊናገር የሚችለው ከሙያው የመጣ ድምፅ ብቻ ነበር።

ስለ ኮድም ጥቂት ልጨምር፤ ምክንያቱም ብዙ ወጣቶች ኮድ ከመንግሥት ቢሮ ተጽፎ የሚወርድ ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1905 በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ብሮክተን በተባለች ከተማ፣ በአንድ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ የእንፋሎት ቦይለር ፈንድቶ ሕንፃው ተደረመሰ፤ ተቃጠለም፤ 58 ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዘመን የቦይለር ፍንዳታ የተለመደ ነገር ነበር። ክፍለ ግዛቱ ከሁለት ዓመት በኋላ የራሱን ደንብ አወጣ፤ ሌሎችም እንዲሁ በየፊናቸው ሲጀምሩ አንዱ ዘንድ የተፈቀደው ሌላው ዘንድ የተከለከለ ሆነ። ነገሩን አንድ መልክ ያስያዘው የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ነው፤ በ1911 ኮሚቴ አቋቁሞ ቦይለር ሠሪውን፣ ቦይለር ተጠቃሚውንና መድን ሰጪውን አከራክሮ የ1914ቱን የቦይለር ኮድ አወጣ። ዛሬ በብዙ አገር ፋብሪካዎች ያሉ ቦይለሮች የሚሠሩት ከዚያ በተወለደው ኮድ ነው። እስከ ዛሬም ኮሚቴዎቹ ውስጥ ተቀምጠው አንቀጽ በአንቀጽ የሚከራከሩት፣ ቀን በሥራቸው ላይ የሚውሉና ጊዜያቸውን በነፃ የሚሰጡ መሐንዲሶች ናቸው።

እርስዎ የሚሠሩት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከፎቅ እንዲወርድ ሲያደርግ፣ ሁሉም የጠየቀው «ሕንፃዎቻችን ይችሉታል ወይ?» ብሎ ነው። ለዚህ መልስ መስጠት የሚችሉት በየሳይቱ ስታፋ (ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) በስንት ሴንቲ ሜትር ልዩነት እንደታሰረ፣ ኮለምና ቢም (አግዳሚው ተሸካሚ) በሚገናኙበት ቦታ በእርግጥ ምን እንደሚሠራ የሚያውቁ እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳችሁ የምታውቁት በየግላችሁ ከቀረ የሐሜት ያህል ነው። በአንድ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ግን ጥናት ይሆናል፤ ኮዱ ሲሻሻልም ይገባበታል።

ስለ መዋጮው ደግሞ፣ እርስዎም በሰፈርዎ እድርተኛ ሳይሆኑ አይቀሩም። በየወሩ ሲከፍሉ «በዚህ ወር ምን አደረገልኝ?» ብለው አይጠይቁም፤ ድንኳኑ የሚፈለግበት ቀን ሲመጣ እንደሚተከል ያውቃሉ። የሙያ ማኅበርን መዋጮ በመጀመሪያ በዚህ ዐይን ይዩት። ከዚያ ግን ከእድር በተለየ መልኩ በየወሩ ሊያገኙት የሚችሉት ነገር አለና ገለጻዎቹ ላይ ይገኙ፤ ከአንድ የሙያ ኮሚቴ ስምዎን ያስመዝግቡ፤ የሚያውቁትን ጽፈው ያቅርቡ። የኢትዮጵያ መሐንዲሶችና አርክቴክቶች መጽሔት የሆነው «ዘዴ» ለአሥርት ዓመታት የዘለቀው የሚጽፍለት ባለሙያ በመገኘቱ ነው።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የምሠራ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። የሙያ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ ተገኝቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የተናገሩት አንጋፋዎቹ ብቻ ናቸው፤ ከታዳሚው ሴቶች ሦስት ብቻ ነበርን፤ አጀንዳው ሳያልቅ ሰዓቱ አለቀ። ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም። ጊዜዬን አባክኛለሁ ወይስ ቸኩያለሁ?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ያዩት ነገር እውነት ነው፤ እኔም በእንዲህ ያሉ ስብሰባዎች ተቀምጫለሁ፤ አንዳንዴም የተናገርኩት እኔው ነኝ። ነገር ግን ማኅበር የአንጋፋዎች ርስት ነው የሚለው ሐሳብ ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። በዓለም ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነውን የብሪታንያ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በጥር 1818 በለንደን በአንድ ቡና ቤት ተሰብስበው ያቋቋሙት ወጣቶች ናቸው። የሚማሩበት ቦታ፣ የሚጠይቁት ሰው ስላልነበራቸው እርስ በርስ ለመማማር ነበር የተሰበሰቡት። ሁለት ዓመት ያህል አባል ሳይበዛላቸው ቆየ። በ1820 ዝነኛውን መንገድና ድልድይ ሠሪ ቶማስ ቴልፎርድን ፕሬዚዳንት እንዲሆን ጋበዙት፤ እርሱም መጻሕፍቱንና ስሙን ይዞ መጣ፤ በ1828 ማኅበሩ የንጉሥ ቻርተር አገኘ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ፤ አንጋፋውን የጋበዙት ወጣቶቹ ናቸው።

ስለ ሴቶቹ ቁጥር ደግሞ፣ በብሪታንያ የሴት መሐንዲሶች ማኅበር በሰኔ 1919 የተመሠረተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካዎችን ያንቀሳቀሱ ሴቶች ጦርነቱ ሲያልቅ «ወደ ቤታችሁ ተመለሱ» በተባሉበት ወቅት ነው። በሙያው ለመቆየት መደራጀት ነበረባቸው። በስብሰባው ላይ የነበሩትን ሁለቱን ሴቶች ስማቸውን ያውቃሉ? ካላወቁ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ከእነርሱ ይጀምሩ፤ ሦስት ሰው አንድ ንዑስ ኮሚቴ ለማቋቋም ጥያቄ ለማቅረብ ይበቃል።

ነገር ግን ዝም ብለው እንዲታገሡ አልመክርዎትም። ማኅበር ሲደክም አባላቱ ሊጠይቁ ይገባል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶችን የሚገዛው አዋጅ 1113/2011 ጠቅላላ ጉባኤን የበላይ አካል ያደርገዋል፤ የዓመት ሪፖርትም ይጠይቃል። ጉባኤው በጊዜው ተጠርቷል ወይ፣ ሒሳቡ ተመርምሯል ወይ፣ የአመራሩ ምርጫ በደንቡ መሠረት ተካሂዷል ወይ ብሎ መጠየቅ የአባል መብት ነው፤ አባል ያልሆነ ግን ይህ መብት የለውም።

አባላት ካልጠበቁት ማኅበር ጉዳት ሊያደርስም ይችላል። ከላይ ባነሣሁት የቦይለር ኮድ ኮሚቴ ውስጥ የነበሩ ሰዎች፣ የአንድ ትንሽ ኩባንያ የቦይለር ደኅንነት መሣሪያ ኮዱን አያሟላም የሚያሰኝ ደብዳቤ በማኅበሩ ስም እንዲወጣ አደረጉ፤ ከደብዳቤው ጀርባ የነበረው የተወዳዳሪ ኩባንያ ሰው ሲሆን እርሱም የንዑስ ኮሚቴው ምክትል ሰብሳቢ ነበር። ትንሹ ኩባንያ ገበያ አጣ። እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማኅበሩ ራሱ ተጠያቂ ነው ብሎ ወሰነ። በነፃ የሚያገለግሉ ሰዎች በማኅበሩ ስም ለሚሠሩት ሥራ ማኅበሩ ይጠየቃል ማለት ነው። እንግዲህ ጥሩ አባላት ወንበሩን ለቀው ሲወጡ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ሌላ ጉዳይ ያለው ሰው ይቀመጥበታል።

አንድ ዓመት ይስጡት። በዓመቱ ውስጥ ለገለጻ አንድ ርዕስ ያቅርቡ፤ ለምሳሌ በመኖሪያ ሕንፃዎች ስለሚዘለለው የመሬት ሽቦ ወይም ስለ መብረቅ መከላከያ። ርዕስዎ ያለ ምክንያት ውድቅ ከተደረገ፣ ጥያቄዎም መልስ ካላገኘ፣ ያኔ ሌላ ማኅበር መፈለግዎ ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ስምንት ዓመት ሲቪል መሐንዲስ ሆኜ ሠርቻለሁ። ወደ አሜሪካ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ኑሮዬን የምገፋው በመኪናዬ ሰው በማመላለስ ነው። ወደ ሙያዬ መመለስ እፈልጋለሁ። የዚህን አገር የመሐንዲሶች ማኅበር ብቀላቀል ይረዳኛል ወይስ ገንዘቤን ለፈተና ባስቀምጠው ይሻላል?
(ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሁለቱ አይነጣጠሉም። በአሜሪካ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው በየክፍለ ግዛቱ ነው። መንገዱ በአብዛኛው ተመሳሳይ ሲሆን፣ ከውጭ የመጣ ዲግሪ ይገመገማል፤ በመጀመሪያ የምህንድስና መሠረታዊ ዕውቀት ፈተናው «ኤፍ ኢ»፣ ከዚያ የሙያ ፈተናው «ፒ ኢ» ይወሰዳል፤ የዓመታት የሥራ ልምድ ይቀርባል፤ ልምዱንና ጠባዩን የሚመሰክሩ ሰዎችም ይጠየቃሉ። ብዙ ወገኖቻችንን የሚያቆማቸው ይኸኛው የመጨረሻው ነው። ፈተና በትጋት ይታለፋል፤ ከምስክሮቹ መካከል ግን ፈቃድ ያላቸው መሐንዲሶች እንዲኖሩ ይፈለጋል። ቀን ከሌት መኪና ውስጥ የሚውል ሰው እነዚህን ከየት ያገኛቸዋል?

እ.ኤ.አ. በ1852 የተመሠረተው የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የራሱ ቅርንጫፍ አለው። ስብሰባዎቹ ላይ አማካሪ ድርጅቶች፣ የመንገድ መሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ሠራተኛ የሚፈልጉም ይገኛሉ። በአንድ ምሽት ሥራ አይገኝም፤ ለምስክርነትም ማንም ባልሠራበት ነገር አይፈርምም። ነገር ግን በዚያ ሄደው፣ ተዋውቀው፣ ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ሥር አንድ ሥራ ካገኙ፣ ምስክሩም ልምዱም ከዚያ ይመነጫሉ። ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ኃላፊነት ሥር ለመሥራት የራስዎ ፈቃድ አያስፈልግዎትም፤ ይህን ሳያውቁ ፈተናው እስኪያልቅ በሩን የማያንኳኩ ብዙዎች ናቸው።

እንዲያውም ከዚህ የሚቀርብ በር አለ። እንደሌሎቹ ሁሉ የባለሙያዎች ማኅበር የሆነው የአሜሪካ ኮንክሪት ኢንስቲትዩት ለሳይት የኮንክሪት ሙከራ ቴክኒሺያን ደረጃ አንድ የሚባል ሰርተፍኬት ይሰጣል። የጽሑፍና የተግባር ፈተና ነው፤ ስላምፕ (የእርጥብ አርማታው መቅጠንና መወፈር) መለካት፣ የአየር መጠን፣ ሙቀት፣ ክብደትና ናሙና መሙላት ነው የሚጠየቀው። ስምንት ዓመት ሳይት ላይ ለዋለ ሰው እንግዳ ነገር የለበትም፤ የሚለየው እኛ ኪዩብ የምንሞላበትን እነርሱ ሲሊንደር መሙላታቸውና ጥንካሬውን በፓውንድ በስኩዌር ኢንች መቁጠራቸው ነው። 4,000 ሲሉ ከ27 ሜጋ ፓስካል ትንሽ የሚበልጥ ሲሊንደር ማለታቸው ነው። ይህ ሰርተፍኬት መሐንዲስ አያሰኝዎትም፤ ነገር ግን ከሳይት ያስገባዎታል፤ ሳይት ከገቡ መሐንዲሶች ያዩዎታል።

በነገራችን ላይ ሳዑዲ ዓረቢያ ያሉ አንባቢዎቻችን ተመሳሳይ ጥያቄ ቢያነሡ መልሱ አጭር ይሆን ነበር፤ በዚያ በመሐንዲስነት ለመሥራት በሳዑዲ መሐንዲሶች ምክር ቤት መመዝገብ ግዴታ ነው።

ገንዘብዎን በተመለከተ፣ የመጀመሪያውን ወጪ ለዲግሪው ግምገማ ያድርጉት፤ ጊዜ የሚወስደው እርሱ ነውና። ቀጥሎ ሰርተፍኬቱን ያግኙ። ለማኅበሩ አባልነት ከመክፈልዎ በፊት ለአባል ያልሆነ ሰው ክፍት በሆኑ ስብሰባዎች ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ይገኙና ፊትዎ እንዲለመድ ያድርጉ። የአገር ቤቱን የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር አባልነትዎን ካለዎት አያቋርጡ፤ ከሌለዎትም ይጠይቁ፤ በአዲስ አበባ የሠሩበትን ስምንት ዓመት የሚያውቁ ሰዎች ያሉት እዚያ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤዎን ገና ያልወሰዱ ከሆነ ይህን ለነገ አያሳድሩት። ደብዳቤው የሠሩበትን ሕንፃ ወይም መንገድ፣ የእርስዎን ኃላፊነት፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ወር ለይቶ የሚናገር ይሁን። ድርጅቶች ይፈርሳሉ፤ አለቆች ጡረታ ይወጣሉ፤ ስልካቸውም ይቀየራል። የቀድሞ አለቃዎን ዛሬውኑ ደውለው ያግኟቸው።